የመካከል ኩሽኔታ ለውጥ በደብር ግቢ፤ የሚቻለውና የማይቻለው

በየአጥቢያው ለልማት ሥራ የሚውሉት ፒክአፖችና ቀላል የጭነት መኪናዎች ከአስፋልት ይልቅ ጠጠርንና ወንዝን የሚያውቁ ናቸው። ሲሚንቶና የውኃ ቱቦ ይጭናሉ፤ በሐምሌ ችግኝ ያመላልሳሉ፤ በሌሊት ምጥ የያዛት እናት ስትኖርም የሚጠራው ይኸው መኪና ነው። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው እነዚህን መኪናዎች ከሚያስቆሙ ብልሽቶች አንዱን ነው። ይኸውም ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያስተላልፈውን ዘንግ መካከሉ ላይ አንጠልጥሎ የያዘው ኩሽኔታ ሲያረጅ የሚደረገው ለውጥ ነው። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ የመኪናው ክፍሎች ጋር ሲነጻጸር ከባድ አይደለም። ስለዚህም «እዚሁ ግቢ ውስጥ እንቀይረው» የሚል ሐሳብ ለሰበካ ጉባኤው በተደጋጋሚ ይቀርባል። ሐሳቡ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ የሰው ሕይወት የሚያስከፍልበትም ጊዜ አለ። ካህናትና የጉባኤው አባላት መካኒክ እንዲሆኑ አይጠበቅም። ነገር ግን ፈቃድ ሰጪዎቹ እነርሱ ስለሆኑ፣ የሚፈቅዱት ሥራ ምን እንደሆነ ሊያውቁ ይገባል እንላለን።

ረዘም ያለ አካል ባላቸው መኪናዎች፣ ለምሳሌ በብዙዎቹ የቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ካቢንና የአይሱዙ ኤን.ፒ.አር ዓይነቶች፣ ይህ ዘንግ ወጥ አይደለም። ረጅምና ቀጭን ቱቦ በፍጥነት ሲሽከረከር እንደ ገመድ ስለሚወዛወዝ፣ አምራቾች ለሁለት ይከፍሉትና በመገናኛው አጠገብ ከሻንሲው በተንጠለጠለ ኩሽኔታ ይደግፉታል። ኩሽኔታው በወፍራም የላስቲክ ቀለበት ውስጥ ይቀመጣል፤ ላስቲኩም በብረት ማቀፊያ ተይዞ ብዙውን ጊዜ በ2 ብሎኖች ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። በጫፎቹና በመካከሉ ዘንጉ እንዲተጣጠፍ የሚያደርጉት ደግሞ ክሮቼራዎቹ ናቸው። በጋራዥ የምንሰማቸው እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆኑ ኩሽኔታ ማለት «ትንሽ ትራስ»፣ ክሮቼራ ማለት «መስቀለኛ» ነው። ዘንጉን ብዙዎች ካርዳን የሚሉትም በ16ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው ጣሊያናዊ ሊቅ በጄሮላሞ ካርዳኖ ስም ነው። አጫጭር አካል ያላቸው መኪናዎች ብዙውን ጊዜ ወጥ ዘንግ ስላላቸው ይህ ኩሽኔታ የላቸውም። ስለዚህ መለዋወጫ ለመግዛት ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው የመኪናውን ሥር በዓይኑ ይይ።

ዘንጉ ምን ያህል እንደሚሠራ ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። የጎማው ዙሪያ 2.3 ሜትር ገደማ ቢሆንና መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ጎማው በደቂቃ ከ400 ጊዜ በላይ ይዞራል። ዲፈረንሻሉ አራት ለአንድ በሆነ መኪና ዘንጉ የሚዞረው ከ1,600 ጊዜ በላይ ነው። ይህን ሁሉ ዙር የሚሸከመው ኩሽኔታ ታሽጎ የሚመጣ ስለሆነ ግራሶ አይጨመርለትም። የወንዝ ውኃና ደቃቅ አቧራ ማሸጊያውን አልፈው ሲገቡ ከውስጥ ይበላል፤ ክሮቼራ ሲደርቅና መኪናው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ደግሞ ሕይወቱ ያጥራል።

ያረጀ ኩሽኔታ ሳያስጠነቅቅ አይሄድም። የመጀመሪያው ምልክት ከወለሉ ሥር የሚሰማ ጉርምርምታ ሲሆን፣ ድምፁ የሚያድገውና የሚቀንሰው ከመኪናው ፍጥነት ጋር እንጂ ከሞተሩ ጩኸት ጋር አይደለም። መኪናው ጭነት ይዞ ከቆመበት ሲነሣ ወለሉ ከተንቀጠቀጠ ላስቲኩ ላልቷል ወይም ተቀድዷል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲለወጥ የሚሰማ የብረት ምት ግን በመጀመሪያ የሚያመለክተው ወደ ክሮቼራው ነው። የጎማ ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ መኪናው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ድምፁ ይለዋወጣል። ሾፌሩ በሜዳማና ሰው በሌለበት መንገድ ላይ፣ ድምፁ በሚሰማበት ፍጥነት ፍሪሲዮን ረግጦ ሞተሩን ዝቅ ያድርግ። ድምፁ ሳይለወጥ ከቀጠለ ምንጩ ከሞተሩ ሳይሆን ከመኪናው ጋር ከሚዞሩት ክፍሎች ነው። ይህን ሙከራ በቁልቁለት ላይ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

ከዚያም ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማዎቹ በታኮ ተይዘው፣ ከሥር ይመረመራል። ዘንጉን ከኩሽኔታው አጠገብ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መግፋት ያስፈልጋል። ላስቲኩ በተፈጥሮው ጥቂት ስለሚተጣጠፍ ያ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ብልሽት የምንለው ኩሽኔታው ራሱ በውስጡ ሲንቀጫቀጭ፣ ላስቲኩ ዙሪያውን ሲሰነጠቅ ወይም ከብረት ማቀፊያው ሲላቀቅ ነው። በክሮቼራው ጫፎች ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ እርሱም ውስጡ ደርቋል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ኩሽኔታውን ብቻ ቀይሮ ክሮቼራውን መተው ገንዘብ ማባከን ይሆናል፤ የሚንቀጠቀጠው ዘንግ አዲሱንም ኩሽኔታ በአጭር ጊዜ ይበላዋልና።

ጉባኤው ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዳያሳድር የሚያስገድደው ምክንያት የሚከተለው ነው። ላስቲኩ ጨርሶ ሲቀደድ ወይም ኩሽኔታው ሲሰበር፣ ዘንጉ መካከሉ ላይ የሚይዘው ስለሌለ እየተገረፈ የፍሬን ቱቦን፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያን ወይም ወለሉን ሊመታ ይችላል። ዘንጉ በቁልቁለት ላይ ቢላቀቅ ደግሞ የከፋ ነው። ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን መያዝ ያቆማልና ሾፌሮች «በማርሽ መያዝ» የሚሉት ነገር አይኖርም። በብዙ የአይሱዙ ኤን.ፒ.አር መኪናዎች የእጅ ፍሬኑ የተገጠመው በጎማዎቹ ላይ ሳይሆን ከካምቢዮው ጀርባ፣ በዘንጉ መነሻ ላይ ስለሆነ፣ እርሱም ከዘንጉ ጋር አብሮ ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለውን ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ጭነት ይዞ የሚወርድ ሾፌር እንዲህ ቢገጥመው፣ የሚቀረው የእግር ፍሬን ብቻ ነው፤ ያም በረጅም ቁልቁለት ሲግል ኃይሉ ይደክማል። ስለዚህ ላስቲኩ የተቀደደ መኪና «ይቺን አንዲት ጉዞ ብቻ» ተብሎ ወደ ገደላማ መንገድ እንዳይላክ አጥብቀን እናሳስባለን።

ይኸው እውነት ለጥገናውም ይሠራል። ዘንጉ ሲፈታ መኪናው ማርሽ ውስጥ ቢገባም አይያዝም፤ የእጅ ፍሬኑ በካምቢዮው ጀርባ ላይ ከሆነም እስከ መጨረሻው ቢሳብ ከንቱ ነው። አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት በጉብታ ላይ የታነጹ በመሆናቸው ግቢያቸው ተዳፋት ነው። የመጨረሻው ብሎን በሚወጣበት ቅጽበት፣ ከሥሩ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ መኪናው ሊንቀሳቀስ ይችላል ማለት ነው። በግቢው ውስጥ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ከሌለ ሥራው እዚያ አይሠራም፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ደልዳላ መሬት ካለም ቢያንስ ሁለት ጎማዎች፣ ከተቻለም አራቱም፣ ከፊትና ከኋላ በእንጨት ወይም በብረት ታኮ ይያዙ። ክብ ድንጋይ ታኮ አይሆንም።

አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ማንሣትም የተሰወረ አደጋ አለው። ዲፈረንሻሉ የተነሣው ጎማ በነፃ እንዲዞር ስለሚፈቅድ፣ ዘንጉ ገና ሳይፈታ እንኳ ማርሹም ሆነ በካምቢዮው ላይ ያለው የእጅ ፍሬን መኪናውን ላይዙት ይችላሉ። ስለዚህ ከሥሩ በቂ ቦታ ባላቸው መኪናዎች ላይ፣ በተለይ በጭነት መኪናዎች፣ ሳያነሡ መሥራት የተሻለ ነው። ማንሣት የግድ ከሆነ የፊት ጎማዎቹ ታኮ ተደርጎላቸው፣ መኪናው በሁለቱም በኩል ለዚሁ በተሠራ የብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳይታሰብ ይፈርሳል፤ መደገፊያ አድርጎ መጠቀሙ በየሠፈሩ የተለመደ ቢሆንም ልማድነቱ ደኅና አያደርገውም። የመኪናው ቁልፍ ከሥር በሚሠራው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። ከሠራተኛው ሌላ አንድ ሰው ሁልጊዜ አጠገብ ይቁም፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና የአብነት ተማሪዎች ደግሞ ይራቁ። የጭስ ማውጫው ከዘንጉ አጠገብ ስለሚያልፍ መኪናው ከጉዞ እንደገባ ሥራ አይጀመር፤ ይቀዝቅዝ።

መለዋወጫውን በሚመለከት፣ በገበያ «ሴንተር ቤሪንግ» ተብሎ ከላስቲኩና ከማቀፊያው ጋር ይሸጣል። ዓይን አይቶ የሚመርጠው ዕቃ አይደለም፤ የውስጥ ቀለበቱ ስፋት ወይም የማቀፊያው ቁመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢለይ አይገጥምም፤ ከገጠመም የዘንጉን ማዕዘን ያዛባል። ገዢው የሻንሲውን ቁጥር ይዞ ይሂድ፤ አሮጌው ተፈትቶ ከሆነም እርሱን ወስዶ በካሊፐር ያመሳክር። ዲፈረንሻሉ ጋ ያሉት ብሎኖች የተበሉ ከሆኑ በመጠን ብቻ ሳይሆን በጥንካሬም እኩል በሆነ ይተኩ። በብሎኑ ራስ ላይ የሚታዩት እንደ 8.8 እና 10.9 ያሉ ቁጥሮች የጥንካሬ ደረጃ ናቸውና 10.9 የነበረው በ8.8 አይለወጥም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ፣ አንድም ብሎን ሳይላላ፣ ምልክት ይደረጋል። ዘንጉ ከዲፈረንሻሉ ጋር በሚጋጠምበት ክብ ፊት ላይ ሁለቱን ክፍሎች የሚያቋርጥ መስመር በቀለም ወይም በመሮ ጫፍ ይሠመር፤ በሁለቱ የዘንግ ክፍሎች መገናኛና በካምቢዮው በኩልም እንዲሁ። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሲታለፍ የሚያመጣው ጣጣ ግን ብዙ ስለሆነ ምክንያቱን ሰፋ አድርገን እንገልጻለን።

ክሮቼራ ታጥፎ ሲሠራ ፍጥነትን እኩል አድርጎ አያስተላልፍም። የሚገባው ዙር የተስተካከለ ቢሆንም የሚወጣው በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፤ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። መኪናው እንዲህ ሆኖ የማይንቀጠቀጠው የአንዱን ክሮቼራ መፍጠንና መዘግየት ሌላው እንዲያጠፋው ተደርጎ ስለተገጣጠመ ነው። ይህ የሚሆነው ክሮቼራዎቹን የያዙት ሹካዎች አምራቹ በወሰነላቸው አቅጣጫ ሲቆሙ ብቻ ነው። ሁለቱ ክፍሎች ተለያይተው በአንድ ጥርስ ብቻ ዞረው ቢገጠሙ መናወጡ መጠፋፋቱን ይተዋል፤ በሰፊው ቢዞሩ ጭራሽ ይደመራል። ከዚህም ሌላ ዘንጉ በፋብሪካ በሚዛን ማሽን ላይ ተመዝኖ ትናንሽ የብረት ቁራጮች ተበይደውበታል። ሚዛኑ የተስተካከለው ክፍሎቹ በነበሩበት አቀማመጥ ስለሆነ ወደዚያው መመለስ አለባቸው። አዲስ ኩሽኔታ ተገጥሞ «መኪናው ከበፊቱ ባሰበት» የሚባልበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው። ከዚያም በኋላ ተጠያቂ የሚሆነው ሻጩ ወይም ዕቃው ነው፤ ጥፋቱ ግን ያልተሠመረው መስመር ነው።

ምልክቱ ካለቀ በኋላ የዲፈረንሻሉ በኩል ያሉት ብሎኖች ይፈታሉ። ዘንጉ ከባድ ስለሆነ ሁለት ሰዎች ይያዙት፤ አንዱ ጫፍ ተፈትቶ በሌላው ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቆይ አይተው፤ ክሮቼራውን ይጎዳል። የኩሽኔታው ማቀፊያ ሲፈታ በማቀፊያውና በሻንሲው መካከል ቀጭን ብረት ወይም ሮንዴላ ካለ ይያዝ፤ የተቀመጠው የዘንጉን ማዕዘን ለማስተካከል እንጂ ትርፍ ሆኖ አይደለም። በአንዳንድ መኪናዎች የፊተኛው ክፍል ወደ ካምቢዮው በጥርስ የሚገባ ስለሆነ ሲወጣ ዘይት ይፈስሳል። ቀዳዳው በንጹሕ ነገር ይደፈን፤ የጎደለው ዘይትም በኋላ ይተካ።

ዘንጉ ከወጣ በኋላ በአፈር ላይ ሳይሆን በጠረጴዛና በሞርሳ ላይ ይሠራል። ሞርሳው ሲያዝ ቱቦውን አያጥብቅ፤ ቀጭን ስለሆነ ይሰረጉዳል፤ የተሰረጎደ ቱቦም ሚዛኑን ያጣል። ብዙ ጊዜ ኩሽኔታውን የሚይዘው ትልቅ ዳዶ ጠርዙ ተመትቶ የተቆለፈ ነው። የተመታው ጠርዝ በመሮ ተነሥቶ ዳዶው ሲወጣ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ክፍል በመንቀያ ይሳባል፤ ኩሽኔታውም ይከተላል። የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ መምታት ጥርሱን ያበላሻል፤ አንዳንድ ጊዜም ሙሉውን ዘንግ ከጥቅም ውጭ ያደርጋል።

አሮጌው እንደወጣ የዘንጉ መቀመጫ ይጸዳና ይታያል። ብረቱ በእሳት እንደተለበለበ ሰማያዊ ከሆነ፣ ወይም በጣት ጥፍር የሚያዝ ጉድጓድ ካለበት፣ አዲሱ ኩሽኔታ በዚያ ላይ አይጸናም። የግቢው ሥራ በዚሁ አብቅቶ ዘንጉ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። መቀመጫው ደኅና ከሆነ አዲሱ በፕሬስ ይገባል፤ ፕሬስ ከሌለ ከውስጥ ቀለበቱ ጋር እኩል በሆነ የብረት ቱቦ ቀስ እያሉ በዙሪያው እኩል መግፋት ይቻላል። ኃይሉ የሚያርፈው በውስጥ ቀለበቱ ላይ ብቻ ነው። የውጭው ቀለበት ወይም ላስቲኩ ከተመታ ኩሽኔታው ገና ሳይሠራ ተሰብሯል፤ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም። ማቀፊያው የፊትና የኋላ አቅጣጫ ሊኖረው ስለሚችል ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። የሚቆለፈው ዳዶ በአዲስ ይተካ፤ በአምራቹ መመሪያ በተጻፈው ልክም በቶርክ ሬንች ይጥበቅ። ቶርክ ሬንች ከሌለ ከጋራዥ መዋስ ይሻላል፤ በክንድ ግምት የሚጠብቅ ዳዶ አይደለም።

ሲመለስ ምልክቶቹ ሁሉ ይገናኙ። የማቀፊያው ብሎኖች በመጀመሪያ በእጅ ብቻ ይያዙ፤ የዲፈረንሻሉ ብሎኖች ግን እየተሻገሩ፣ አንዱን ከዚያም ተቃራኒውን፣ እስከ ልካቸው ይጥበቁ። መኪናው በጎማዎቹ ላይ ከቆመ በኋላ፣ ጭነት ሳይኖረው፣ ማቀፊያው ከዘንጉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራቱና ላስቲኩ ወደ አንድ ወገን አለመጎተቱ ታይቶ የመጨረሻው ማጥበቅ ይደረጋል። የግራሶ ማስገቢያ ያላቸው ክሮቼራዎችም በዚሁ ጊዜ ግራሶ ይሰጣቸው። ታኮዎቹ የሚነሡት የእግርና የእጅ ፍሬኑ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ያለ ጭነት በሜዳ ላይ፣ በዝግታ ተጀምሮ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ እየጨመረ ይሁን። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ብሎኖቹ ዳግም ይታዩ።

እንግዲህ ጉባኤው መቼ ይፍቀድ? ልምድ ያለው መካኒክ ካለ፣ ደልዳላ መሬት፣ መደገፊያና ተገቢው መፍቻ ከተገኘ፣ የዘንጉ መቀመጫና ክሮቼራዎቹም ደኅና ከሆኑ፣ ሥራው በግቢ ውስጥ ቢሠራ ነውር የለበትም። ቱቦው ከተሰረጎደ፣ የሚዛኑ ቁራጭ ከወደቀ፣ ወይም ክሮቼራው በፋብሪካ ተመትቶ የተቆለፈና የማይፈታ ዓይነት ከሆነ ግን የሚዛን ማሽን ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል። ዘንጉን ብቻውን ፈትቶ መላክ ይቻላል፤ መኪናው በታኮ ተይዞ ግቢ ውስጥ ይቆያል። ይህን የመሰለውን ውሳኔ ሾፌሩ ብቻውን እንዲሸከመው መተው አይገባም። ሾፌሩ መኪናው ቆሞ መዋሉ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠርበት ስለሚሰጋ፣ የማይገባውን ሥራ «እችላለሁ» ሊል ይችላል። በቃለ ጉባኤ መጻፉ ለእርሱም ከለላ ነው፤ ቀኑ፣ የኪሎ ሜትር ንባቡና የተለወጠው ዕቃ በመኪናው መዝገብ ላይ ይስፈር።

አሮጌው ኩሽኔታ ለንብረት ክፍል ገቢ ይሁን፤ ወዲያው አይጣል። ላስቲኩ ተቀድዶ ብረቱ ደኅና ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከመጠን ያለፈ ጭነት ወይም የዘንግ መናወጥ ነው፤ የጭነት መዝገቡን መመልከት ያስፈልጋል። ብረቱ ውስጡ ዝጎ ጭቃ ከወጣበት ግን ውኃ ገብቶታል። በሚመጣው ክረምት ያንን ወንዝ መሻገር ግድ ከሆነ፣ መኪናው ከተሻገረ በኋላ ሾፌሩ በሳምንቱ ሥሩን እንዲመረምርና ክሮቼራዎቹን ግራሶ እንዲያጠጣ ከአሁኑ በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይጻፍለት።